በጉልላት ላይ የሚታየው እንቍላል

የቢቸናና የሞጣ አገር የቅኔ አገር ነው። በቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል፤ በሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር አለ። በዚህ አገር የተማረ ሰው ሰምና ወርቅን ያውቃል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ እንደሚገለጥ ያስተውላል።

ይህን የመሰለ ጥበብ በእንቍላል ላይ የሚሠሩ የዩክሬን ሰዎች ናቸው። የትንሣኤ በዓል ሲቀርብ ሴቶች በጋለ የንብ ሰም በእንቍላሉ ላይ ይጽፋሉ፤ በብጫ ቀለም ይነክራሉ፤ ዳግመኛ በሰም ጽፈው በቀይ፥ በመጨረሻም በጥቍር ይነክራሉ። በመብራት አጠገብ ሰሙ ቀልጦ ሲጠረግ የተሰወረው ሥዕል ኹሉ ይገለጣል። ስሙም «ፒሳንካ» ይባላል፤ የተጻፈ ማለት ነው። ሃይማኖት በሚነቀፍበት በሶቪየት ዘመን ልማዱ ቢዳከም፥ በካናዳና በአሜሪካ ያሉ ስደተኞች ጠበቁት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዩክሬንና የኤስቶንያ ቅርስ ብሎ መዘገበው።

በኢትዮጵያ የፋሲካ እንቍላል ከ55 ቀን ጾም በኋላ በዶሮ ወጥ ይበላል እንጂ በቀለም አይጻፍም። ለምሳሌነት የተመረጠው የሰጎን እንቍላል ነው። ሰጎን የቈላ ወፍ ስትኾን እንቍላልዋ ወደ ደጋ መጥቶ በጉልላት መስቀል ላይ ይሰካል፤ በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ይታያል። የግብፅ ክርስቲያኖችም በመቅደስ ፊት ይሰቅሉታል።

መምህራን ሲተረጕሙ፥ ሰጎን እንቍላልዋን ዓይንዋን ሳታነሣ ትመለከታለች፤ ብታነሣ ይበላሻል፤ እንዲሁ እግዚአብሔር ፍጥረቱን ይጠብቃል፥ ምእመንም በጸሎት ጊዜ ልቡን ከአምላኩ አያንሣ ይላሉ። መጽሐፈ ኢዮብ ግን በ39ኛው ምዕራፍ ሰጎን እንቍላልዋን በምድር ላይ ትታ እንደምትረሳ ይናገራል። አራዊትን የመረመሩ ሊቃውንትም ሴቲቱ በቀን፥ ወንዱ በሌሊት እየተፈራረቁ 42 ቀን ያህል ታቅፈው እንደሚፈለፍሉ አረጋግጠዋል።

እንግዲህ ትርጓሜው ከንቱ ነውን? እንዲህ የሚል ሰው ሰሙን ከወርቁ አልለየም። ሰሙ ሰጎን ናት፤ ወርቁ ትጋት ነው። የወፊቱ ነገር በምርመራ ቢቀልጥም ትጋት ትጋት ኾኖ ይቀራል፤ የኢዮብ ሰጎንም የሚረሳውን ሰው ትገሥጻለች። የሚያስፈራው የሣር ክዳን በቈርቈሮ ሲለወጥ ምሳሌው አብሮ እንዳይረሳ ነው። የሚጠይቅ ተማሪ፥ የሚመልስም መምህር ካልተገኘ፥ በጉልላት ላይ የሚቀረው ቅርፊት ብቻ ነው።