ቫይረሱ የብዙኃን፣ ካንሰሩ የጥቂቶች

ጉሮሮ ከላይ በሚጀምርበት፣ ከአፍንጫ ጀርባ ባለው ጠባብ ስፍራ የሚነሣው ካንሰር አገር ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ከተመዘገቡት 133 ሺሕ ያህል አዳዲስ ሕሙማን አብዛኞቹ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎች ናቸው፤ ጓንግዶንግና ሆንግ ኮንግ በተለይ ይጠቀሳሉ። ከካንሰሩ ጋር ስሙ የሚነሣው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ግን አገር አይመርጥም። በ1964 ከኡጋንዳ በመጣ የዕጢ ናሙና ውስጥ የታወቀው ይህ ቫይረስ ከዓለም ጎልማሶች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሰውነት ውስጥ አለ። ታዲያ ሁሉም የተሸከመው ቫይረስ ጥቂቶችን ብቻ በሚያጠቃ በሽታ እንዴት ይከሰሳል? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ መንስኤ ማለት ብቻውን በሽታ የሚያመጣ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም በዚህ ሚዛን ነጻ በወጣ ነበር።

ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1970 የቫይረሱን ዲኤንኤ በዕጢው ውስጥ ማግኘታቸው ብቻውን አያሳምንም፤ ካንሰሩ ከተፈጠረ በኋላ የገባ እንግዳ ሊሆን ይችላልና። ጥርጣሬውን የፈታው የ1986ቱ ሥራ ነው። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ዲኤንኤው ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ቀለበት ይሠራል። መጋጠሚያው ላይ ያሉት ተደጋጋሚ ቅንጣቶች ብዛት ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው ይለያያል፤ ሕዋሱ ሲባዛ ግን ያው ቁጥር ለልጅ ሕዋሳት ይተላለፋል። ቫይረሱ ዘግይቶ የገባ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዕጢ ውስጥ ብዙ ዓይነት ቁጥር ይገኝ ነበር። የተገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ በ1995 ደግሞ ገና ወደ አካባቢው ሥጋ ባልዘለቁ የቅድመ ካንሰር ቁስሎች ውስጥም ይኸው ታየ።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በደቡብ ቻይና ሰዎች ጤነኛ በሚመስል የጉሮሮ ሽፋን ላይ፣ ቫይረሱ በሌለበት፣ በክሮሞሶም 3 እና 9 ላይ ጉድለት ተገኝቷል። እንግዲህ ቫይረሱ ሁለተኛ ደራሽ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ጤነኛ የሽፋን ሕዋስ ቫይረሱን አምቆ አያቆይም፤ የተጎዳው ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ ኤልኤምፒ-1 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ «ተባዛ» እያለ ይነዳዋል። ቅደም ተከተሉ ድርሻውን አያሳንሰውም። በጨው የተጠበቀ የካንቶን ዓሣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ መመደቡ፣ በሆንግ ኮንግም አኗኗር ሲለወጥ ሕመሙ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ መቀነሱ ለቫይረሱ ጥብቅና አይቆምም፤ ሁለት ነገር ተጋግዞ የሚያመጣው በሽታ አንዱ ሲጎድል ይቀንሳል። ቫይረሱም ቢሆን በየቦታው አንድ አይደለም፦ በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ይበልጥ አደገኛ የሆኑት ዝርያዎች በደቡብ ቻይና እንደሚበዙ፣ ከዚያ ውጭ እምብዛም እንደማይገኙ አሳይቷል። ክርክሬ ግን ሽፋኑ ወደ ቀንዳማነት የሚለወጥበትን ዓይነት አይመለከትም፤ ካንሰሩ ብርቅ በሆነባቸው አገሮች ይህኛው ያለ ቫይረሱም ይነሣል።

የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች ከዚህ ዕውቀት ምርመራ አውጥተዋል። የሚሞቱ የዕጢ ሕዋሳት የቫይረሱን ዲኤንኤ ስብርባሪ ወደ ደም ይለቃሉ። በ2017 ይፋ በሆነው ጥናት ምልክት ያልታየባቸው 20,174 ወንዶች ተመርምረው፣ በሁለት ዙር ስብርባሪው የተገኘባቸው 309 ነበሩ፤ ከእነርሱ 34ቱ ካንሰሩ ነበረባቸው። ከታማሚዎቹ 71 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ተገኙ፤ ቀድሞ ይህ 20 በመቶ ብቻ ነበር። ጠቋሚ መሆን መንስኤ መሆንን አያረጋግጥም፣ እውነት ነው። ሆኖም ስብርባሪው በደም ውስጥ ሊነበብ የቻለው እያንዳንዱ የዕጢ ሕዋስ ቫይረሱን ከመጀመሪያው ስለ ወረሰ ነው።