ንፍፊት ውስጥ የተገኘ አፈር

በአማርኛ አፈር ቀላል ቃል አይደለም። ስንለምን “አፈር ስሆን” እንላለን፤ ስንራገም “አፈር ብላ” እንላለን፤ ስንፎክርም በአፈራችን ነው። መንዝ ላይ ደግሞ አፈር ማለት ርስት ነው፤ የአባት ስም የሚቆጠርበት፣ ወንድም ከወንድሙ ፍርድ ቤት የሚካሰስበት። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ አፈር ነው። ሰው ሳያውቀው በእግሩ ስለሚበላው፣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በቀር ስለማይታየው አፈር። /በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።/

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሄዶ፣ መሐል ሜዳን አልፎ ግሼ የገባ መንገደኛ ራቤልን ያገኛል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው አገሩ በሙሉ ደረጃ በደረጃ የተቆለለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የሠራው አምባ ነው። ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ እየበሰበሰ አፈር ሆነ፤ አፈሩ ገብስና ስንዴ፣ ወረድ ሲሉም ጤፍ አበቀለ። ገበሬው ለዘመናት ይህንን አፈር ያረሰው በባዶ እግሩ ነው። የከተማ ልጆች የሆንን እኛ ጫማችንን ሊስትሮ ፊት ዘርግተን ስንቀመጥ፣ ጫማ መልክ ብቻ ይመስለናል። ለብዙ ወገናችን ግን የጫማ ነገር የእግር መኖርና አለመኖር ጉዳይ ነበር። ዛሬም ነው።

በሽታውን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፦ ዝሆኔ። መጀመሪያ ጣቶቹ አካባቢ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ቀጥሎ እግር ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሸረካከታል፣ ቋጠሮ ያወጣል። በየጊዜው ትኩሳትና ሕመም እየመጣ ሰውየውን ቀናት ያስተኛዋል። ሰው ምክንያት ሳይሰጥ ዝም አይልምና “መተት ረግጦ ነው”፣ “እርግማን ነው”፣ “የዘራቸው ነው” ተባለ። ሦስተኛው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የታመመውን ብቻ ሳይሆን ያልታመመችውን እህቱንም ከትዳር ያስቀራል።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ መጀመሪያ መልክ አይተው ነው የፈረዱት። በዓለም ላይ የታወቀው ዝሆኔ ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል በሽታ ነው። ትሉ የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ይኖራል፤ ጫጩቶቹም በአብዛኛው ሌሊት ወደ ደም ስለሚወጡ የበሽተኛው ደም የሚመረመረው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላዎች ይህ በሽታ በእርግጥ አለ። ደጋው ላይ ግን ነገሩ አልገጠመም። ኦመን የተባለው ተመራማሪ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለው የእግር ዝሆኔ በ1969 ጥናቱን ሲያወጣ፣ ትሉ ለዚህ በሽታ ምክንያት አለመሆኑን አሳየ። እብጠቱም ቢሆን መልኩ የተለየ ነው፤ የትሉ በሽታ ጭንና ብልትን ሲያጠቃ፣ የደጋው ግን ከእግር መዳፍ ተነስቶ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል።

እንግዲህ ትል ካልሆነ ምንድን ነው? ጥያቄውን ይዞ የቆየው በስጋ ደዌ ሕክምና ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ የሄደበት መንገድ ባላገር ሁሉ በሚያውቀው ነገር ይጀምራል። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ከእግር የሚነሳው የሊምፍ ፈሳሽ የሚጣራው እዚያ ነውና። ስለዚህ በእግር በኩል የገባ ነገር ካለ መያዝ ያለበት እዚያ ማጣሪያ ላይ ነው።

ከሰውነት የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ እንዲሁ ማይክሮስኮፕ ሥር አይገባም። መጀመሪያ በፎርማሊን እንዳይበሰብስ ይደረጋል፤ ውኃው ተመጥጦ በቀለጠ ሰም ይሞላል፤ ሰሙ ሲደርቅ በልዩ ምላጭ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ በሆነ ውፍረት ይሸረፋል። ከዚያ ቀለም ይነከራል፦ የሕዋሱ አስኳል ሰማያዊ፣ የቀረው ሮዝ ይሆናል። /ሰምና ወርቅ የምንል ሕዝብ እውነተኛ ሰም ውስጥ የተደበቀ ወርቅ ፈልጎ ለሚያወጣ ሙያ እንግዳ መሆን አልነበረብንም።/ ፓቶሎጂስቱ የሚያነበው ከጤናማው ሥዕል የተለወጠውን ነው፤ የጠፋውን፣ የተጨመረውን፣ በጠባሳ የተተካውን።

የታመመው እግር ሥዕል ታሪኩን በቅደም ተከተል ያወራ ነበር። የሊምፍ ቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን አብጧል፤ ቀጥሎ ተቆጥቷል፤ ከዚያ ጠባሳ የሚሠራው ኮላጅን ቦታውን ይዟል፤ በመጨረሻም ቧንቧው ተደፍኗል። የሚሄድበት ያጣ ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዝሆኔ የምንለው ውጤቱን ነው። ንፍፊቱ ውስጥ ደግሞ ባዕድ ነገር እየዋጡ ሰውነትን የሚያጸዱት ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት ሆዳቸው ሞልቶ ተገኘ። ፕራይስ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ1972 እና በ1978 ባሳተማቸው ጥናቶች የጥቃቅኑ ቅንጣት ማንነት ተመረመረ፤ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበት ማዕድን ነበር። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይም ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ተለየ። በአጭሩ አፈር ነው። ሕዋሱ አፈር በልቷል።

በ1980ዎቹ ፕራይስ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክ እግርንና አቧራን ያጣመረ ስም ነው። የማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባ ድንጋይ አቧራ ተንፍሶ እንደሚጠብስ ሁሉ፣ የገበሬውም እግር አፈር ተንፍሶ ይጠብሳል እንደ ማለት። ልዩነቱ የቆፋሪው በሽታ የሥራ በሽታ ተብሎ ካሳ ሲከራከሩበት፣ የገበሬው መተት ተብሎ መቅረቱ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን ማይክሮስኮፑ አንድ የማይመች ነገርም አሳይቷል፤ አፈሩ ባልታመሙት ባዶ እግር ሰዎች ንፍፊት ውስጥም ነበር። አንድ ማሳ፣ አንድ አፈር፣ ሁለት ወንድማማቾች፤ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው አያብጥም። በ2007 የታተመ የደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ጥናት ከልዩነቱ 63 በመቶውን ለውርስ ሰጠው። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የሰውነት መከላከያ ባዕድን ከወገን የሚለይባቸው ጂኖች ጉዳዩ ውስጥ እንዳሉበት አሳዩ።

ታዲያ “የዘራቸው ነው” ያሉት ልክ ነበሩ? ግማሹን ብቻ፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰው ይጎዳል። 63 በመቶ ማለት የታመመ ሰው ልጅ 63 በመቶ ይታመማል ማለት አይደለም። የሚወረሰው አፈሩን አምርሮ የሚጠላ ሰውነት ነው፤ አፈሩ ካልገባ የሚቆጣው ነገር የለም። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ ጫማ ሲስፋፋ በሽታው ጠፍቷል፤ የሕዝቡ ዘር ግን አልተለወጠም።

በ2013 በአገራችን በ1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች 129,959 ሰው ታይቶ ካርታ ተሠራ። በኋላ በወጣው ስሌት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በሽታው አለባቸው። በብዛት የሚገኘው ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ፣ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ነዋሪ አገሩን ሲያይ ከጓሳ ውርጭ ይልቅ ወደ ወይና ደጋው የሚወርደውን ቁልቁለት ልብ ይበል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት ተርታ የጻፈው በ2011 ነው፤ ከፕራይስ የመጀመሪያ ጥናት 39 ዓመት በኋላ። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናትም እግርን በሳሙና አዘውትሮ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ የሚያስተኛውን ትኩሳት እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

ከእኛ መካከል አያቱ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ያሉ ብዙ ናቸው። ለበዓል ስንወርድ ነጠላና ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ልክ የሚሆን ሽፍን ጫማም እንያዝ። ሽማግሌ ሲላክና አንዱ ጎሮሮውን ጠርጎ “እነሱ ቤት እኮ ዝሆኔ አለ” ሲል ግን ዝም አንበል። ንፍፊቱ ውስጥ የተገኘው አፈር መሆኑን ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጅቷም ጫማ አላት።