ከማትሪክ እስከ ምደባ፦ የአርሲ ተማሪ ዩኒቨርሲቲን ሲጠብቅ

አርቦዬ በአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገበሬ ቀበሌዎች፣ እንደ ቀሪው የአርሲ ደጋ ሁሉ፣ 12ኛ ክፍል የተፈተነ ልጅ ያለበት ቤት ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ውጤትና ምደባ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ በኢትዮጵያ የሰባ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በእነዚህ ዓመታት ወሬው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አርሲ የሚደርስበት ጊዜ ከሳምንታት ወደ ደቂቃዎች ወርዷል። ውሳኔው የሚፈጀው ጊዜ ግን በዚያው ልክ አላጠረም፤ እንዲያውም ተማሪው የሚጠብቀው ነገር በቁጥር እየበዛ ሄዷል።

የጥቂቶች ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት ቀደምት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና ከእሱ በኋላ የመጣው ጄኔራል ዊንጌት፣ ተማሪዎቻቸውን ያዘጋጁ የነበረው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነበር። በአገር ውስጥ ኮሌጅ ስላልነበረ ፈተናውን ያለፈ ወጣት ወደ ውጭ ይላካል፤ ከመሄዱም በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀርቦ ይሰናበታል። ታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተከተሉ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የነበሩት ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰባሰቡ።

በዚያ ዘመን የአርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ፣ በጢቾና በአርባ ጉጉ አውራጃዎች የተከፈለ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር የሚሻ የገጠር ልጅ አሰላ ወደሚገኘው ራስ ዳርጌ ትምህርት ቤት፣ ወይም ወደ ናዝሬትና አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ከቤት የሚላክለትን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ እያብቃቃ ይማራል። ስለዚህ ከፈተናው በኋላ የሚጠበቀው ውጤት የዓመታት የኪራይና የስንቅ ወጪ ፍርድ ነበር። ለአንድ ልጅ ትምህርት በሬ የሸጠ አባት መልሱን ከልጁ እኩል በጉጉት ይጠብቅ ነበር።

ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፣ ቀጥሎም ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላኩ የነበሩት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን አስፋፉ። ለአርሲ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ከወሬ አልፎ በዓይን የሚታይ የሆነውም ያኔ ነው፤ የሚያስተምረው ሰው ራሱ ከስድስት ኪሎ የመጣና ወደዚያው የሚመለስ ተማሪ ነበርና። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ደግሞ በአሰላ ሌላ በር ከፈተ። ድርጅቱ የእርሻ ባለሙያዎችንና ረዳቶችን ያሠለጥንና ይቀጥር ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ላልገባው የአካባቢው ልጅ ተስፋ ነበር።

ነጥቡ መጣ ወይስ አልመጣም

በተለምዶ ማትሪክ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ፊደላት ይሰጥ ነበር። እንግሊዝኛንና ሒሳብን ጨምሮ የአምስት ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ አማካይ ነጥቡ ከአራት ይያዛል። ለማለፍ ሁለት ነጥብ ይበቃል ቢባልም ተፈታኙ እየበዛ፣ መቀመጫው ግን ባለበት እየቆመ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ከዓመት ዓመት ከፍ አለ። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ፊደሉን፣ ከዚያም በዚያ ዓመት ስንት ነጥብ እንደሚያስገባ ይጠብቅ ነበር።

ውጤቱ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ይላካል። ውጤት መውጣቱን ሬዲዮ ከተናገረ በኋላ ከአሰላ ርቆ ያለ ተማሪ ወረቀቱን በዓይኑ ለማየት አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ይሳፈራል፤ ወይም ከተማ የሚወርድ ሰው የተፈታኝ ቁጥሩን ይዞለት እንዲሄድ ይለምናል። ክረምቱ ሲበረታ የገጠሩ መንገድ ይበላሻልና ወሬው መንገድ ላይ ይዘገይ ነበር። የአርሲ ገበሬ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት፣ ቀጥሎም አረም የሚያርምበት ወቅት ስለሆነ ተማሪው የጥበቃውን ጊዜ በእርሻ ላይ ያሳልፈዋል። ነጥብ የመጣለት ግቢ ለመግባት ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ ያልመጣለት በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዓመት ያጠናል፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ይሞክራል፣ ወይም እዚያው እርሻው ላይ ይቀራል።

አብዮቱ ይህን ሥርዓት ለጊዜው አቋረጠው። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ የዩኒቨርሲቲ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። 60 ሺህ ያህል ዘማች ወጥቷል። ለዚያ ትውልድ ጥበቃው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ፤ ቀጥሎ በመጣው ቀይ ሽብርም ብዙዎች ሳይመለሱ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት የደርግ ዓመታት ነጥብ የነበረው ትርጉም ከበደ። ጎበዙ ተማሪ ከአገር ውስጥ ኮሌጅ ሌላ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች የሚወስድ የትምህርት ዕድል ሊጠብቅ ይችል ነበር። በሌላ በኩል በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ለግዳጅ አገልግሎት አጨ። ነጥብ ያልመጣለት ወጣት ከዚያ ወዲህ ከትምህርት መቅረት ብቻ ሳይሆን ጦር ሜዳ መላክም ያሰጋው ጀመር። እናቶች ውጤቱን የሚጠብቁት በስለት ነበር። በአርሲ ይህ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልማድ ነው፤ የባሌው ድሬ ሼህ ሁሴንና በአርባ ጉጉ የሚገኘው ፈረቀሳ የሚባሉት የስለት ቦታዎች፣ ሰው ለጤና፣ ለልጅና ለሀብት እንደሚሳልባቸው ሁሉ ለልጅ ትምህርትም ይሳልባቸዋል።

ከአንድ ወንፊት ወደ ሁለት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ማትሪክን በሁለት ፈተና ተካው። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተጀመረ። የመጀመሪያው ወንፊት ተማሪውን በ16 ዓመቱ ገደማ ይለየው ነበር፦ ነጥብ ያለው ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ። መሰናዶ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የተከፈቱት በትልልቅ ከተሞች ስለነበር ብዙ የገጠር ልጆች ከቤት ወጥተው ክፍል ተከራዩ፤ የአባቶቻቸው ዘመን ስንቅም ተመለሰ። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን መቀመጫው በፍጥነት በዛ። ኤርትራ ከተለየች በኋላ አገሪቱ የቀሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እስከ 1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ጅማና አዋሳን ማዕከል ያደረገው ደቡብ ተጨመሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። ለአርሲ ቅርብ የሆኑት የባሌ ሮቤው መዳ ወላቡና የአዳማው ዩኒቨርሲቲ ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሰላ ግቢዎች ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተለይተው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ለዘመናት ልጆቹን ወደ ሩቅ ሲልክ የኖረው ደጋ የራሱን ዩኒቨርሲቲ አገኘ።

ምደባ

ዩኒቨርሲቲው ሲበዛ የጥያቄው መልክ ተለወጠ። ቀድሞ ጥያቄው ይገባል አይገባም የሚል ነበር፤ አሁን የት ይመደባል የሚልም ተጨመረበት። ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ነጥቡን፣ ምርጫውንና የየተቋሙን የመቀበል አቅም በኮምፒውተር አጣምሮ ይመድባል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለመንትዮችና የጤና ችግር ላለባቸው የተለየ አሠራር አለ። በ2001 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ፖሊሲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄዱ ስላዘዘ የመስኩም ዕጣ በተማሪው ምርጫ ብቻ የሚወሰን አልነበረም።

ስለዚህ ከአሰላ ወይም ከአርቦዬ የተፈተነ ልጅ ምደባው ጎንደር፣ ሰመራ ወይም ጅግጅጋ ሊሆን ይችላል። የአንዱን አካባቢ ልጅ ከሌላው ማቀላቀሉ አገርን ያስተዋውቃል ተብሎ የተያዘ አሠራር ነው፤ ብዙዎችም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ወዳጅነት አትርፈውበታል። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች ተማሪዎች ሲሞቱና ሲሰደዱ ግን የምደባ ቀን ለወላጅ የስጋት ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ የትምህርት መስክ ከመጠየቁ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ከተማው ሰላም የሚጠይቅ ወላጅ በዝቷል።

ምደባው ከወጣም በኋላ ጥበቃው አያበቃም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ጊዜ የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው የምዝገባውን ቀናትና ተማሪው ይዞ የሚመጣውን ይዘረዝራል፦ የትምህርት ማስረጃዎች ከነኮፒያቸው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። በአንድ መንደር ካደጉ ጓደኛሞች መካከል የአንዱ ግቢ ሲጠራ የሌላው ዝም ሊል ይችላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ስለሚገባ የምግቡና የትምህርቱ ወጪ በከፊል ወደፊት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የአውቶቡሱና የብርድ ልብሱ ወጪ ግን ያኔውኑ ከገበሬው ጎተራ ይወጣል።

የተናጋው ካሌንደር

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የፈተናው ጊዜ ራሱ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በዚያ ዓመት ግንቦት የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተለቀቀ ፈተናው ተሰረዘ። ፈተናውን የለቀቁት ወገኖች በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ትምህርት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ተማሪው ሳይዘጋጅ መፈተን የለበትም የሚል ክርክር ነበራቸው። በ2009 ዓ.ም. ፈተናው ሲሰጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። የ2012 ዓ.ም. ተፈታኞች በኮቪድ ምክንያት እስከ 2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ድረስ ጠበቁ።

ስርቆቱን ለማስቆም የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተፈተኑ። የገጠሩ ልጅ ግቢን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ለመማር ሳይሆን ለመፈተን ሆነ። ጥር ላይ ውጤቱ ሲገለጽ ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ለዓመታት በመኮራረጅ ተሸፍኖ የቆየው የትምህርት ጥራት ችግር አደባባይ ወጣ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በዚያ ትምህርት ቤት ከመማር ሌላ ምርጫ ያልነበረው ልጅ ነው።

ግማሽ ላልደረሱት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተማሪዎች አፍ ሪሚዲያል፣ ተከፈተ። ይህም የራሱ መቁረጫ ነጥብ፣ የራሱ ምደባና በመጨረሻው የራሱ ፈተና አለው። እንዲህ ሆኖ የድሮው ጥበቃ በአራት ተከፈለ፦ ውጤት፣ መቁረጫ ነጥብ፣ ምደባ፣ ጥሪ። ወሬው ግን የሚደርሰው ወዲያው ነው። ተማሪው የመለያ ቁጥሩን በድረ ገጽ ወይም በቴሌግራም አስገብቶ ውጤቱን ያያል። የተለቀቀ ቀን ድረ ገጹ ይጨናነቃል፤ መብራት ወይም ኔትዎርክ በጠፋበት ቀበሌ ያለ ተማሪ ከተማ ላለ ዘመዱ ቁጥሩን በስልክ ይነግራል። የተፈታኝ ቁጥር በሰው እጅ ይላክ የነበረበት ልማድ በዚህ መልክ ቀጥሏል።

የጥበቃው ዋጋ

ከፈተና እስከ ጥሪ ያሉት ወራት ለሁሉም እኩል አይደሉም። የከተማው ልጅ የኮምፒውተር ወይም የቋንቋ ኮርስ ይወስዳል፤ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን በግል ኮሌጅ ያስመዘግባል። የገበሬው ልጅ አረም ያርማል፤ ጥበቃው እስከ ኅዳር ከዘለቀም አጨዳ ይገባል። በገጠር ላለች ልጃገረድ ደግሞ የተራዘመ ጥበቃ አደጋ አለው፤ ውጤቱ ሲዘገይ የጋብቻ ጥያቄ ይቀድማል፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚወስድ ደላላ ይመጣል።

በአንዳንድ አገሮች ይህ የጥበቃ ጊዜ አጭርና አስቀድሞ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ተማሪው ከመጨረሻው ፈተና በፊት ለዩኒቨርሲቲዎች ያመለክታል፤ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ የመቀበያ መልስ ይዞ ይፈተናል፣ ውጤቱ የሚወጣበት የነሐሴ ቀንም አስቀድሞ ይታወቃል። በቻይና በግንቦት መጨረሻ ገደማ የተሰጠው ፈተና ውጤት ከወር ባነሰ ጊዜ ይነገራል። በኢትዮጵያም ለውጥ ጀምሯል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ ፈተናውን ካለፉት መካከል በራሱ የመግቢያ ፈተና ተማሪ መምረጥ ጀምሯል። ተማሪው ለተቋሙ አመልክቶ የተቋሙን መልስ የሚጠብቅበት አሠራር በዚህ መንገድ እየመጣ ነው።

መቀመጫ የሚያጣ ተማሪ ሁልጊዜ ይኖራል። ውጤቱ፣ መቁረጫ ነጥቡ፣ ምደባውና ጥሪው የሚወጡበትን ቀን ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ማሳወቅና በቀኑ መገኘት ግን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲዎች አቅም በላይ አይደለም። ልጁን ለትምህርት ብሎ ከእርሻ የነጠለ የአርሲ ገበሬ መልሱ መቼ እንደሚመጣ የማወቅ መብት አለው፤ ይህ መብት ሊከበርለት ይገባል።