የተባይ ጠላት፦ ከሜንሎ ፓርክ እስከ ኢትዮጵያ የማሽላ ማሳ

በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል የምትገኘው ሜንሎ ፓርክ ዛሬ የምትታወቀው በቴክኖሎጂ ሀብት ቢሆንም፣ በእርሻ ታሪክም ስፍራ አላት። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከአውስትራሊያ ከመጣ የግራር ተክል ጋር የገባች፣ ጥጥ መሰል ከረጢት የምትሸከምና የዛፍ ጭማቂ የምትመጥ ተባይ በካሊፎርኒያ በመጀመሪያ የታየችው በዚያ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ወደ ደቡብ ተዛምታ የሎስ አንጀለስን የብርቱካን እርሻ ለጥፋት አቃረበችው፤ የሚረጨው መድኃኒትም አልበገራትም።

የፌዴራሉ መንግሥት የነፍሳት ሊቅ ቻርልስ ራይሊ፣ ተባዪቱ በትውልድ አገሯ ይህን ያህል የማታጠፋው የሚገታት ጠላት ቢኖራት ነው ብሎ አሰበ። ከኦክላንድ ጎን በምትገኘው አላሜዳ ይሠራ የነበረው አልበርት ኬበሌ ያንን ጠላት ፍለጋ በነሐሴ 1888 በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ፤ ቬዳሊያ የተባለችውንም ጥንዚዛ ላከ። እስከ ጥር 1889 የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ። በድንኳን በተሸፈነ ዛፍ ላይ ተለቀው ተባዙ፤ እስከ ሰኔም ከ10,000 በላይ ለገበሬዎች ታደሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተባዪቱ ተገታች።

ይሁንና ድሉ ጠባቂ ይሻ ነበር። በ1940ዎቹ በሳን ዋኪን ሸለቆ የተረጨው ዲዲቲ ጥንዚዛዋን ስለ ፈጀ፣ የተረሳችው ተባይ አንሰራራች። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አራት ሊቃውንት በ1959 ያሳተሙት ጥናትም፣ መርዝ የሚረጨው ጉዳቱ ሲያስገድድ ብቻ፣ የተፈጥሮ ጠላቶችንም በማያጠፋ መንገድ እንዲሆን አስተማረ።

ይህ ታሪክ አገራችንንም ይመለከታል። ከእስያ የመጣው አገዳ ቆርቁር በማሽላና በበቆሎ አገዳ ውስጥ ስለሚደበቅ ርጭት በቀላሉ አያገኘውም። ኮቴሲያ ፍላቪፐስ የተባለችው ጥቃቅን ተርብ ግን ወደ አገዳው ገብታ በትሉ አካል ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም ከውስጥ ይበሉታል። ይህች ከፓኪስታን የመጣች ተርብ በ1993 በኬንያ ጠረፍ፣ በ1997ም በሶማሊያ ተለቀቀች። በኢትዮጵያ እስከዚያ ጊዜ የለቀቃት አልነበረም፤ ነገር ግን እነ እማና ጌቱ በ1999 እና በ2000 ባካሄዱት አሰሳ በአብዛኞቹ በተመረመሩት ስፍራዎች አገኟት። ከሶማሊያ በኩል ድንበር ተሻግራ እንደ ገባች ይገመታል።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ተርቧ ያለ ደመወዝ ትሠራለች፤ ገበሬው ግን አያያትም። ባለሙያ ፈልጎ ባያገኛት ኖሮ፣ በሳን ዋኪን እንደ ሆነው ሁሉ፣ መኖሯ ሳይታወቅ በርጭት ልትጠፋ ትችል ነበር። ስለዚህ ለመርዝ መግዣ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት፣ በማሳው ውስጥ ምን እንዳለ የሚመረምር ባለሙያ ሊመደብ ይገባል።