ቡና አጣጪ

ስለ አንድ ፊልምና ስለ ሦስት ስኒ ቡና ላጫውታችሁ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ማይ ዲነር ዊዝ አንድሬ» ነው፤ አዘጋጁ ፈረንሳዊው ሉዊ ማል። በ110 ደቂቃ ውስጥ አይተኮስም፣ አይሮጥም። ሁለት የቴያትር ሰዎች፣ ዋላስ ሾውንና አንድሬ ግሪጎሪ፣ በገዛ ስማቸው ራት እየበሉ ይጨዋወታሉ፤ ይኸው ነው። ታሪኩ የኒውዮርክ ይሁን እንጂ የተቀረጸው ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ በወቅቱ ተዘግቶ በነበረ ሆቴል ውስጥ ነው። ጨዋታውም ያን ማታ የመጣላቸው አይደለም። ለወራት ያወሩትን በቴፕ ቀድተው፣ ከዚያ አጥርተው የጻፉት ነው።

አንድሬ ኑሮ ቢያደነዝዘው ፖላንድ ጫካ፣ ሰሃራ በረሃ ድረስ ሄዶ ያየውን ይተርካል። ዋላስ ሲያዳምጥ ቆይቶ ይከራከረዋል፤ ከማታ የተረፈች፣ ዝንብ ያልገባባት ቀዝቃዛ ቡና ጠዋት ካገኘሁ ይበቃኛል ባይ ነው።

ይህን ፊልም ያየሁት ሚዛን ተፈሪ፣ በወዳጄ ቤት ነው። ወዳጄ እየተረጎመ ለእናቱ ሲነግራቸው፣ ከረከቦቱ ፊት የተቀመጡት እማማ ሳቁ።

«ያደረ ቡና? ቡና የሚያጣጣው ሰው የለውም እንዴ?»

ነገሩ ከነከነኝ። የዋላስ ቡና አረቢካ ከነበረች የዘር ግንዷ ከዚህ ከኛ ጫካ ነው። ከዚሁ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደው የጌሻ ዘር ኬንያንና ታንዛንያን አልፎ፣ በ1953 ኮስታሪካ ገብቶ፣ ከዚያ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 በዚያች አገር የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቷል። የፍሬው ጉዞ በዓመተ ምሕረት ተመዝግቧል።

የሰዉስ? የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር መማረካቸውን መጻሕፍት ይነግሩናል። ከዚያ በኋላ ባሪያ ፈንጋይ የጊሚራንና የማጂን አገር እንዴት እንዳራቆተም ተጽፏል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ 600,000 ያህል ሰው፣ ብዙው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ፣ ተነሥቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር እንዲሰፍር መደረጉም እንዲሁ። ሁሉም ግን በጅምላ ነው፤ በቁጥር።

ከዚያ ቁጥር አንዷ እማማ ነበሩ። አቦሉ ላይ ስለ ቡና ዋጋ አወጉን። ቶናው ላይ ከወሎ ተነሥተው ከፋ መስፈራቸውን፣ ኋላም ለለቀማ ወደ በበቃ ቡና ተክል መምጣታቸውን ነገሩን። በረካው ሲቀዳ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከመጠለያው ሲነሡ ታናሽ እህታቸው ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ መኪናው አልጠበቃትም። ከዚያ ወዲህ አላዩዋትም።

ወዳጄ ደነገጠ። አክስት እንዳለችው ሰምቶ አያውቅም።

«እማ፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«አንተ መቼ በረካ ጠጥተህ ታውቃለህ? አቦሏን ፉት ትልና ትነሣለህ» አሉት።

የሉዊ ማል ካሜራ የፖላንዱን ጫካ አያሳየንም፤ ዓይኑን ከተናጋሪውና ከአዳማጩ ፊት አይነቅልም። በመጀመሪያ ይህን እንደ ድህነት ቆጥሬው ነበር። ያን ማታ ግን አንድ ታሪክ ከሰው ልብ እስኪወጣ ድረስ ሳይነሣ የሚቀመጥ ሰው እንደሚያስፈልገው ገባኝ።

ሚዛን፣ ቴፒ፣ በበቃ ብዙ እማማዎች አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ቡናቸውን የሚያጣጣቸው ማን ይሆን?