ከቁርጥ ክፍያ ወደ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ፦ የሶዌቶ የውሃ ሂሳብና የማዚቡኮ ክርክር

ከተሞች የውሃ ሂሳብ አሰራራቸውን ሲቀይሩ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ ላይ ነው። ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ሂሳቡም ሆነ የነጻ ድርሻው የሚሰላው በግቢ ነው፣ በቤተሰብ ነው ወይስ በሰው? የጆሃንስበርግ ከተማ በሶዌቶ ያደረገችው ለውጥ ይህን ጥያቄ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አድርሶታል። (በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአፓርታይድ ዘመን የተወረሰው አሰራር የሶዌቶን ነዋሪ በቁርጥ ያስከፍል ነበር። እያንዳንዱ ይዞታ በወር 20 ሜትር ኩብ እንደተጠቀመ ተቆጥሮ ሂሳብ ይወጣለት ነበር። በተጨባጭ ወደ አንድ ይዞታ የሚፈሰው ውሃ ግን በአማካይ 67 ሜትር ኩብ እንደሚደርስ ከተማዋ ኋላ ለፍርድ ቤት አስረድታለች። ከተማዋ ከምትገዛው ውሃ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ወደ ሶዌቶ ሲሄድ፣ ከዚያ የሚገኘው ገቢ ከጠቅላላው 1 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ልዩነት በነዋሪው አባካኝነት ማሳበብ ተገቢ አይደለም። በዘር መድልዎ ዘመን የተቀበሩት ቧንቧዎች ዝገዋል፤ የቤት ውስጥ መስመሮችም ያፈሱ ነበር። በ1980ዎቹ የተካሄደው ክፍያን የመንፈግ ትግልም አሻራውን ትቷል። ያም ሆኖ አሰራሩ ባለበት ሊቀጥል እንደማይችል ግልጽ ነበር።

«ኦፕሬሽን ግሲናማንዚ» የተሰኘው ፕሮጀክት ቧንቧዎቹን ለውጦ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ መትከል የጀመረው ፊሪ ከተባለው የሶዌቶ ድሃ ሰፈር ነው። ለእያንዳንዱ ቆጣሪ በወር 6 ሜትር ኩብ በነጻ ይሞላ ነበር። ያ ሲያልቅ፣ ተጨማሪ ካልተገዛ፣ ውሃው ቀጥ ይል ነበር። በሀብታም ሰፈሮች ተጠቅሞ ኋላ የሚከፍለው ደንበኛ ውሃው ከመቆረጡ በፊት ማስጠንቀቂያና ጊዜ ይሰጠዋል፤ የፊሪ ነዋሪ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በቆጣሪው የሚሆነው ጊዜያዊ መቋረጥ እንጂ አገልግሎት መንፈግ አይደለም ብሏል። ውሃ የሌለበትን ሌሊት ከልጆች ጋር ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም ያለው አይመስለኝም።

ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። 6,000 ሊትር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ሊትር ይሆናል። 8 ሰው በሚኖርበት ቤት ለአንድ ሰው 25 ሊትር ይደርሰዋል፤ በ2001 የወጣው ብሔራዊ ደንብ ያስቀመጠውም ዝቅተኛ መጠን ይኸው ነው። ቆጣሪውን ተቃውማ ከተማዋን የከሰሰችው የፊሪ ነዋሪ የሊንዲዌ ማዚቡኮ ግቢ ግን 20 ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የእያንዳንዳቸው ድርሻ 10 ሊትር ነው። በፊሪ መጸዳጃ ቤቱ በውሃ የሚለቀቅ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሊሟጠጥ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለገላ የሚተርፍ የለም።

በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቆጣሪው ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኖ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር እንዲሰጥ አዘዘ። በ2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጠኑን ወደ 42 አወረደው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ኬት ኦሬጋን በተጻፈው ፍርድ፣ ሁለቱንም ሽሮ የከተማዋን ፖሊሲ ምክንያታዊ ነው አለ። ነዋሪን በነፍስ ወከፍ እየቆጠሩ ማደል ለአስተዳደር ከባድ ነው የሚለውን መከራከሪያም ተቀበለ።

የፍርዱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳለ ከተማዋ ራሷ ድሆችን መመዝገብ ጀምራ ለተመዘገቡት ነጻውን ድርሻ ወደ 10 ሜትር ኩብ ከፍ አድርጋለች። ማን ድሃ እንደሆነ የሚመዘግብ አስተዳደር በአንድ ግቢ ስንት ሰው እንደሚኖር መመዝገብ ያቅተዋል ማለት አያሳምንም። አብዛኛው የከተማዋ ቤተሰብ ቁጥሩ ከ8 ያንሳል መባሉም መልስ አይሆንም፤ በአማካዩ ውስጥ የሚሰወሩት በጓሮ ቤት ተከራይተው አንድ ቧንቧ የሚጋሩት ናቸውና።

ችግሩ በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዴል ዊቲንግተን በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚያድግበት የእርከን ታሪፍ ቆጣሪ የሚጋሩ ድሆችን ወደ ውዱ እርከን እንደሚገፋ አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ የቀበሌ ቤት ጎረቤታሞች ሂሳቡን በቤተሰብ ወይም በሰው ቁጥር እየተካፈሉ ሲከፍሉ ኖረዋል። ነዋሪው ራሱ ማን ስንት ሰው እንዳለው አውቆ የሚያካፍለውን ታሪፉ እንደ አንድ ደንበኛ ያየዋል። በወር 4 ሜትር ኩብ የሚበቃቸው አምስት ቤተሰቦች ተደምረው 20 ሜትር ኩብ ይሞላሉ፤ ብቻውን 20 የሚጨርስ ባለ ቪላም በተመሳሳይ እርከን ይሰላለታል። የታሪፍ ማሻሻያ ሲታሰብ እያንዳንዱ የጋራ ቆጣሪ የሚያገለግላቸው ቤተሰቦች ተመዝግበው የእርከኑ ወሰን በቁጥራቸው ሊባዛ ይገባል። ምዝገባውን ደግሞ በየወሩ ቆጣሪ ለማንበብ ከበር እስከ በር የሚዞረው ሠራተኛ ሊጀምረው ይችላል።