መውጫ የሌለው ውሃ፦ በደቡብ ኦሞ የማዕድን አካባቢ የገጸ ምድር ውሃ ጥራት ክትትል

ጂንካ ላይ የዘነበ ዝናብ ባሕር አያይም። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚወርደው ነሪ ወደ ማጎ፣ ማጎ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ጉዞውን መውጫ በሌለው ቱርካና ሐይቅ ይጨርሳል። በደቡብ ኦሞ ዞን ምሥራቅ የሚፈሰው ወይጦም ጨው ባሕር ላይ ይቀራል። የማዕድን አካባቢን ውሃ ለመከታተል የሚነሳ ሰው ከመሣሪያው በፊት ይህን ማሰብ አለበት። ሳያናይድ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይፈራርሳል። አርሴኒክ፣ እርሳስና ሜርኩሪ ግን አይበሰብሱም፤ ተፋሰሱ ውስጥ ከገቡ እዚያው ይከማቻሉ።

የሐመር ኮረብቶችም ሆኑ የአዶላ ወርቅ የሚገኝባቸው አለቶች የቅድመ ካምብሪያን ዘመን ናቸው። ስለዚህ ወርቅ ፍለጋው እዚህም ሊበረታ ይችላልና የውሃው ክትትል ለነገ የሚባል አይደለም።

የሻኪሶው ለገደንቢ የወርቅ ማዕድን የሚያሳየን መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚድሮክ ኩባንያ ተላለፈ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለ10 ዓመት ሲታደስ ጤናችን ተጎዳ ያሉ ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ፈቃዱ ታገደ። ሥራው በ2013 ዓ.ም. ቀጠለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ስለ ብክለቱ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ለሕዝብ አልቀረበም ሲል ወቅሷል። ለእኔ ከዚህም የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ለሃያ ዓመታት በተቆፈረ ሸለቆ ውስጥ አርሴኒክ ቢገኝ፣ የመነጨው ከአለቱ ነው ወይስ ከማዕድኑ ዝቃጭ? ወርቅ ያዘለ አለት አርሴኒክም ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከቁፋሮው በፊት የተወሰደ መነሻ ናሙና ከሌለ ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ጉዳቱን የማስረዳት ሸክምም ውሃውን በሚጠጣው ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም ያዘዘው በከንቱ አልነበረም።

መነሻ ናሙና ሲባል ግን በጋ ላይ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ማለት አይደለም። ደቡብ ኦሞ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ ከተራራ የሚወርዱት ገባሮችም በአንድ ሌሊት ሞልተው በማግስቱ ይጎድላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ የሚፈስ ወንዝ ይህንኑ መጠን ቢይዝ በቀን 1.7 ኪሎ ግራም ያህል አርሴኒክ ያወርዳል። በሙላት ጊዜ ፍሰቱ በሰከንድ 40 ሜትር ኩብ ሲደርስ መጠኑ ባይለወጥ እንኳ ጭነቱ ከ34 ኪሎ ግራም ያልፋል። በሁለቱም ቀን ላቦራቶሪው የሚጽፈው ቁጥር 10 ነው። ፍሰት ያልተለካበት የጥራት መረጃ መውጫ ለሌለው ሐይቅ ግማሽ መረጃ ነው።

ሌላው ግማሽ ደለሉ ውስጥ አለ። ብረቶች ከጭቃ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይጓዛሉ፤ ናሙናው በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ሲያልፍ አብዛኛው ጭነት ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የተጣራውም ያልተጣራውም ውሃ፣ ከወንዙ ወለል የተነሳው ደለልም በየራሱ መመርመር ይኖርበታል። ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና ድፍርስነት እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ። ለብረት ምርመራ የሚወሰደው ናሙና ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ የሳያናይዱ ግን በተቃራኒው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል። ሁለቱን ያምታታ ባለሙያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚያስረክበው የማይረባ ጠርሙስ ነው። መሠረታዊውን ምርመራ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ቢሠራው መንገዱም ስሕተቱም ያጥራል።

የናሙና ቦታ ሲመረጥ ልማዱ ከማዕድኑ በላይ አንድ፣ ከዝቃጭ ኩሬው በታች አንድ፣ ገባሮች በሚገናኙበት አንድ ነው። ትክክል ነው፤ ግን ለኦሞ አይበቃም። ማጎ ኦሞን ከተቀላቀለበት ወደ ታች የሚኖሩት ካራዎች ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሙላቱ ልማድ ቢለወጥም፣ ዳርቻው አሁንም እርሻ ነው። ለሃይድሮሎጂ ባለሙያው የጎን ጉዳይ የሆነው ጭቃ ለእነሱ ማሳ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የናሙና ቦታ ከወንዙ ወጥቶ እዚያ ማሳ ላይ መሆን አለበት፤ ከአፈሩም ከማሽላውም ናሙና ይወሰድ፣ የመጀመሪያው ዙርም አንድ ድንጋይ ሳይፈነቀል ይጠናቀቅ።